ራዲያተር ያሟሸሁ ሰው

ስልሳዎቹ ገና ሲጀምሩ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የግል መኪና ያለው ሰው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠር ነበር። ከእነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ምንይችል እባላለሁ፤ ያኔ የበርበሬ ነጋዴ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ፣ ሚስት የሌለኝ፣ ባርኔጣዬን ወደ ጎን አዘንብዬ የምሄድ፣ ስለማላውቀው ነገር ከሚያውቀው ሰው አብልጬ የማወራ ሰው ነበርኩ። ጓደኞቼ ይህን ጠባዬን በትዕግሥት ያልፉት ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ «አንተ ሰው፣ እስቲ ዝም በል» የሚለኝ አንድ ደፋር መጥፋቱ ያናድደኛል።

መኪናዬ አሮጌ ጂፕ ነበረች። መንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጦልኝ ሄደ። ሦስት ቀን መንዳት አስተማረኝ። ስለ አያያዟም በአስተርጓሚ ብዙ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ልቤ መሪው ላይ ስለነበር አብዛኛው በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። አንድ ነገር ብቻ ይዤ ቀረሁ። ከመሪው ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ መርፌ ቀዩን ከነካች ሞተሩ ግሏል ማለት ነውና ቁም፣ አንድ ክንድ እንኳ እንዳትራመድ ብሎኝ ነበር።

በዚያ ዘመን እኛ የምናውቀው መካኒክ ቡሬ ያለው ጋሽ ተፈራ ብቻ ነበር። ከጣሊያን ጋር ሠርቶ እጁን ያፍታታ፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን እያለ የሚያወራ፣ ምላሱ ከመፍቻው የባሰ ሰው ነው። ከእሱ ጋር የተኳረፍነው በሞራ ምክንያት ነው። መኪናዬ በታጠፈች ቁጥር እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ትል ጀመር። ግራሶ መቀባት እንዳለባት ሰምቻለሁ፤ ግራሶ ግን አልነበረኝም። ሥጋ ቤት ሄጄ የበሬ ሞራ አመጣሁ፤ አቅልጬ፣ ከሥሯ ተኝቼ፣ እጄ የደረሰበትን ብረት ሁሉ ቀባሁ። ድምፁ እውነትም ቀነሰ። በማግስቱ ቡሬ ገበያ አቁሜያት በርበሬ አይቼ ስመለስ፣ የገበያው ውሻ ሁሉ ከሥሯ ገብቶ ይልሳታል። ጋሽ ተፈራ ሰው ሰብስቦ ቆሟል።

«ኑ እዩ! የምንይችል መኪና ወልዳ ተኝታለች። ውሾቹ አራስ ሊጠይቁ መጥተው ነው» ይላል።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ የሳቅሁ መሰልኩ፤ ውስጤ ግን አረረ። ሁለተኛ የዚያን ሰውዬ ደጃፍ ብረግጥ ብዬ ማልኩ።

ጥር ላይ ራዲያተሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጋሽ ተፈራ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆሜ አየኝና ጎንበስ ብሎ ተመለከተው።

«ይሄ ይበየዳል። ሦስት ቀን ተዋት እኔ ዘንድ» አለኝ። ድምፁ የደግ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ግን የታዩኝ ውሾቹ ናቸው።

«ግዴለም፣ እኔው እደፍነዋለሁ።»

«በምን?»

«መላ አለኝ።»

መላው የእናቴ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሸክላ ድስት አንጠባጠበ ብላ አትጥልም። ተልባ ትወቅጥና በውሃ በጥብጣ እዚያው ድስት ውስጥ ታንተከትከዋለች። ተልባው ያብጥና ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። አዲስ ድስትም የምታሟሸው እንዲሁ ነበር። ታዲያ ራዲያተርስ ምንድን ነው? ውሃ የሚፈላበት የብረት ድስት አይደለም? አልኩ። አንድ ጣሳ የተወቀጠ ተልባ በጥብጬ ጨመርኩበትና ሞተሩን አስነሥቼ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ማንጠባጠቡ ቀጥ አለ። ለማጽናት ብዬ ግማሽ ጣሳ ደገምኩበት። ሦስት ቀን በከተማው ሜዳ ላይ ስዞርባት ጠብ የሚል ነገር አልነበረም፤ «ራዲያተሩን አሟሸሁት» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

በአራተኛው ቀን አስተርእዮ ማርያም ነበረች። በዓሉን ወንድሜ ዘንድ ልውል ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ወዳለው ሰፈራችን በማለዳ ወረድኩ። መንገዱ የበሬ መንገድ ነው፤ በበጋ መኪና ያስገባል። ስትሄድ አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ መኪናዬ አላስቸገረችኝም።

ወንድሜ አያ ይርሳው በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ንግድ ልጀምር ባልኩ ጊዜ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጠልኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት የቀረውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ በመከናጆ አረሰ። አንድ ቀን እንኳ «ያ በሬዬ» ብሎኝ አያውቅም።

ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የበዓል ሰው መስሎኝ ጡሩንባዬን ነፋሁ። ዘወር ብሎ ያየኝ አልነበረም። ጠጋ ስል መሬት ላይ የተዘረጋ ወሳንሳ አየሁ።

ወሳንሳ ለማታውቁ፣ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች መካከል ጠፍር ተጠልፎ የሚሠራ የበሽተኛ መሸከሚያ ነው። በእኛ አገር ወሳንሳ ከተነሣ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ትከሻውን ያዋጣል። አራቱ ይሸከማሉ፣ ሌሎቹ እየተከተሉ ይቀባበላሉ፤ በመንገድ ያለው ሰውም ሞፈሩን ጥሎ መጥቶ ይገባል። የተጣላ ሰው እንኳ ለጠላቱ ይሸከማል።

ወሳንሳው የተዘረጋው ለአያ ይርሳው ነበር። ጎጆው ውስጥ ስገባ ተጋድሟል፤ ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። ሚስቱ ውዴ ግንባሩን ትጠርጋለች።

«ምን ሆነ እታለም?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ሆዴን ሆዴን እንዳለ ነው። ወደ ላይ ይለዋል እንጂ ወደ ታች የሚወርድ ነገር የለም።»

ከኋላዬ አያ ዋሴ ገቡ። የሰፈሩን ወሳንሳ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው፤ በዕድሜ ለአባቴ ታላቅ ይሆናሉ።

«አንጀቱ ታጥፎ ነው ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አባታችሁንም የወሰደው ይኸው ነው። ያኔ ሐኪም ቤት የለም፤ አሁን አለ። ይሄ ነገር ሰዓት አይሰጥም። አሁን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከተነሣን ሰባት ሰዓት ላይ ፍኖተ ሰላም እንገባለን።»

«ወሳንሳውን መልሱት» አልኩ። «እኔ በአንድ ሰዓት አደርሰዋለሁ።»

አያ ዋሴ በበሩ አሻግረው መኪናዋን አዩአት።

«አቀበቱን ትችለዋለች እንዴ?»

«አያ ዋሴ፣ እርስዎ መኪና ያውቃሉ?»

«እኔማ ከወዴት አውቄ!»

«እንግዲያው ለሚያውቀው ይተዉለታ!»

ይህን ያልኩት ሰው በተሰበሰበበት ነው። እሳቸው አልተቆጡም፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ይሁን ግዴለም። ለማንኛውም ወሳንሳውን የያዙ ጥቂት ሰዎች በእግር ይከተሏችሁ። አይታወቅም» አሉ።

«ምን ሊያደርጉ? በዓል ነው፤ ሰዉን አታድክሙት። ወደ ማርያም ይሂድ።»

ሰዉ ተበተነ። ወሳንሳው አጥር ላይ ተደግፎ ቀረ። በሕይወቴ የተናገርኩትን ቃል ሁሉ ሰብስበው አንዱን ሰርዝ ቢሉኝ የምሰርዘው ይህንን ነው።

አያ ይርሳውን ከኋላ አስተኛነው፤ ራሱን ውዴ ጭኗ ላይ አደረገችው። ቁልቁለቷን አልፈን ወንዟን ስንሻገር ደህና ነበርን። ውዴ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። እሱ ግን ሕመሙ ፋታ በሰጠው ቁጥር ያጽናናታል።

«አታልቅሽ» ሲላት ሰማሁት። «ልጄ ይዞኛል።»

ልጄ ያለው እኔን ነው።

አቀበቱን ጀመርን። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች። እሩቡን ሳንወጣ ዓይኔ መርፌዋ ላይ አረፈ። ከመካከል አልፋለች። ትንሽ ቆይቼ ሳያት ቀዩን ነክታለች።

እዚህ ላይ ልቁም፤ ምክንያቱም መኪናዋ ያልቆመችው እዚህ ላይ ነው። ቁም መባሌን አልረሳሁም። የፈረንጁ ጣት መርፌዋን ሲነካ እስኪታየኝ ድረስ አስታውሼዋለሁ። ከቆምኩ ግን ውዴ «ምን ሆነ?» ትለኛለች፤ እኔም አላውቅም ልላት ነው። ያን ቃል ለማውጣት ምላሴ ታሰረ። አቀበቱ ሊያልቅ ነው፣ ዳገቱን ከወጣን ነፋስ ያበርዳታል ብዬ ነዳጁን ረገጥኩት።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች ውዴ ከኋላ። «የሚያር ተልባ ይመስላል።»

«የመንገዱ ነው» አልኳት።

ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን ሞተሩ ውስጥ እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ግጥም ብሎ ቀረ። ወርጄ የራዲያተሩን ክዳን በነጠላዬ ይዤ ብከፍተው እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ወጣና አንገቴንና ግራ ክንዴን ገሸለጠኝ። ከራዲያተሩ የወጣው ውሃ አልነበረም፤ ሙቅ ነው። ግራጫ፣ የሚያሟልጭ፣ የሚንተከተክ የተልባ ሙቅ። ለመንገድ ከያዝነው ቅል ውሃ ባፈስበት ውሃው ከላይ ተንሳፎ ቀረ እንጂ ወደ ታች አልወርድ አለ። ሞተሩን ላስነሣ ብል እንደ ተቆለፈ ሣጥን ክርችም አለ። ፍቅፍቅ እያደረግሁ፣ የማላውቀውን ብሎን እየፈታሁ፣ መልሼ እያሰርኩ ምናልባት ግማሽ ሰዓት አባከንኩ። ውዴ ምንም አልጠየቀችኝም፤ እጄን እጄን ብቻ ታይ ነበር።

ኡኡ ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ሌላ ቀን ቢሆን እርሻው ላይ ሰው አይጠፋም፤ የዚያን ቀን ግን አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የላክሁትም እኔ ነኝ።

አያ ይርሳውን አዝዬው ተነሣሁ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄድኩ። በእያንዳንዱ እርምጃ ሆዱ ጀርባዬ ላይ ሲጫን እንደ ሕፃን ይጮሃል። ያን ሰው ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አውርደኝ» አለኝ። አወረድኩት፤ ከአንዲት ዋርካ ጥላ ሥር አስተኛሁት። «ሂድና ሰው ጥራ። እኔ የትም አልሄድም።»

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። ለውዴ ትቼው ሮጥኩ። ማርያም ደጃፍ ስደርስ ታቦቷ ወጥታ ዑደት ላይ ነበረች፤ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ከኋላዋ ይሄዳል። ጫማዬ የት እንደቀረ አላውቅም። ምን ብዬ እንደጮህኩም አላስታውስም። አያ ዋሴ ከሰው መካከል ብቅ ብለው አንገቴን አዩ፣ ዓይኔን አዩ። «ምን ሆንክ?» አላሉኝም። «ምን ብዬህ ነበር?» አላሉኝም። ዘወር ብለው፣ «ወሳንሳ!» አሉ ብቻ።

የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ከሠላሳ የሚበልጥ ሰው ወሳንሳውን ከአጥሩ አንሥቶ ሮጠ።

ዋርካው ዘንድ ስንደርስ አያ ይርሳው ሕመሙ ቀለል ብሎኛል አለ። እኔ ደስ አለኝ። አያ ዋሴ ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ የእንዲህ ያለ ሕመም ድንገት መቅለል ምን ማለት እንደሆነ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ። «አንሡ!» አሉ።

እኔም ገባሁ። እንጨቱ የተላጠ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ዓለም ጨለመብኝ። አንዱ ጎልማሳ «አንተ ቆስለሃል፣ ልቀበልህ» ቢለኝ እንቢ አልኩ። አያ ዋሴ ከጎኔ እየተራመዱ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ለእልህ አትሸከም ልጄ፤ ተረኛ ሲመጣ ልቀቅ» አሉኝ። ለቀቅሁ። ከዚያ ወዲያ በየመንደሩ እየወጣ የተቀበለንን ሰው ልቆጥረው አልችልም። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣም አንድ መኪና አላለፈም።

ሰባት ሰዓት ላይ እንገባበት የነበረው ሐኪም ቤት ከአሥራ አንድ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለን ገባን። ሐኪሙ ወዲያው ቀደደው። ሲወጣ፣ ብዙው አንጀቱ ጠቁሮ እንዳገኘውና የሚቻለውን እንዳደረገ ነገረን። አያ ይርሳው በሦስተኛው ቀን ሞተ። አራት ልጆች ነበሩት።

ለቅሶው ላይ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ሰዉ እኔን ያጽናናል። «ወንድሙን ለማዳን ብሎ መኪናውን አቃጠለ፤ ራሱም ተቃጠለ» እያለ የአንገቴን ፋሻ ያሳያል። አልቃሿ ስሜን ጠርታ አሞገሰችኝ። ውዴም እጄን ይዛ፣ «አንተ ምን ታደርግ፣ የቻልከውን አድርገሃል» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። መስማማት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ዝምታ ይበቃ ነበር።

ጂፗን በሁለት ጥንድ በሬ አስጎትቼ ቡሬ ወሰድኳት። ጋሽ ተፈራ ራዲያተሩን ከፍቶ ጣቱን ከተተና አወጣው። አሸተተው። የሰማውን ሰምቷልና አልሳቀም።

«ምን ጨመርክበት?»

«ምንም።»

ጣቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ።

«ተልባ» አልኩ። «ስለማላውቅ ነው።»

ስለማላውቅ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳልናገር ያስቀረሁት አንድ ቃል ወንድሜን እንደበላው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በርበሬ ንግዱን ተውኩ። ጋሽ ተፈራ ዘንድ ብሎን እያጠብኩ ጀመርኩና ለዓመታት መኪና ስጠግን ኖርኩ። ሙያው ወንድሜን አይመልስልኝም፤ ያላወቅሁትን ማወቅ ግን ግዴታዬ መሰለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት መኪና ይኖራችኋል፣ ምናልባት አይኖራችሁም። ወደ እኔ መኪና ይዞ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ጨመርክበት?» ብዬ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ «ምንም» ይለኛል። አልስቅበትም። የሚሳቅበት ሰው መላውን ከጓዳው እንደሚፈልግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በመሳቁ ጋሽ ተፈራን ስወቅሰው የኖርኩበት ጊዜም ነበር፤ ግን እሱ ይበየዳል ብሎኛል፣ አያ ዋሴም ይከተሏችሁ ብለዋል፣ ፈረንጁም ቁም ብሏል። እውቀት በሦስት ሰው አፍ መጥታ ለምናኛለች። «አላውቅም» ማለት የሚያሳፍራችሁ ከሆነ፣ ማን መኪናው ላይ ተኝቶ እንደሚያምናችሁ እስቲ ዘወር ብላችሁ እዩ።

ለውዴ እውነቱን የነገርኳት ዓመት ቆይቼ፣ በሙት ዓመቱ ተዝካር ዕለት ነው። ሰዉ ድንኳን ውስጥ እያለ ከጓሮ ጠርቻት ስለ ተልባው፣ ስለ መርፌዋ፣ አውቄ ስላለመቆሜ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። መሬት መሬት እያየች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ለምን አሁን ነገርከኝ?» አለች።

«ከበደኝ እታለም። መሸከም አቃተኝ።»

«አንተስ ከብዶህ ነው» አለች። «እኔ ግን 'የሚወደው ወንድሙ የቻለውን አድርጎለት ነው የሞተ' እያልኩ ነበር የምተኛው። ልጆቹንም እንዲያ እያልኩ ነው የማስተኛቸው። ይኸው እሱንም ወሰድክብኝ።»

አልተቆጣችም፤ አልረገመችኝም። ከድንኳኑ ሲጠሯት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰው ልታስተናግድ ሄደች። እኔ እዚያው ጓሮ ቆሜ ቀረሁ።